ሽምግልና ለአንድ ሶኬት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ወይዘሮ ገላነሽ ግን የዘንድሮውን ጉድ የሰሙት መስከረም ጠብቶ ከከረመ በኋላ፣ በኅዳር ቅዳሜ ጠዋት፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ልጃቸው ጽጌሬዳ ከላይኛው ቤት በረንዳ ላይ ቆማ በስልክ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ የወንድሟን የግርማን ግቢ ተሻግሮ፣ ሁለት የብሎኬት አጥር ዘሎ ይመጣል። «ሽማግሌ ይላክበታ! እኔማ አፌን ከፍቼ አልለምነውም! ለሶኬት ብዬ ከግርማ ጋር ልነጋገር?» ወይዘሮ ገላነሽ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። በዕድሜያቸው ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አይተዋል፣ ለደም ሲላክ አይተዋል፣ ባሏን ጥላ ለሄደች ሴት ሲላክ አይተዋል። ለሶኬት ሲላክ ግን ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

ነገሩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የበኩር ልጃቸው ኒቆዲሞስ ከሰው ይልቅ ዕቃ የሚያምን ሰው ነው። እናቱ በሰኔ ሽንት ቤት ደጃፍ አንሸራቷቸው ወድቀው ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ፣ በደወለ ቁጥር እንዴት አደርሽ ማለቱን ትቶ ብቻሽን መኖር አትችዪም ማለት አበዛ። በመጨረሻም ምርጫ ሰጣቸው። ወይ ቤታቸው ውስጥ ሴንሰር የሚባል ነገር ተተክሎ መውደቅ መነሣታቸውን፣ መውጣት መግባታቸውን እሱ በስልኩ ያያል፤ ወይ ቤቱን ዘግተው አዲስ አበባ እሱ ጋ ይገባሉ። እሱ ጋ ማለት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማለት ነው። ወይዘሮ ገላነሽ ለፋሲካ አንዴ ሄደው አይተውታል። ያኔ ጉልበታቸው ሳይጎዳ እንኳ ደረጃውን የወጡት በሰው ትከሻ ነው፣ የወረዱት ወደ ሐረር ሲመለሱ ብቻ ነው፤ በመሀል ያለውን ጊዜ መስኮት ሥር ተቀምጠው የጎረቤት ካልሲ ሲደርቅ ሲያዩ ሰነበቱ። ሞቴ እዚህ አይሆንም ብለው በልባቸው ማሉ። ስለዚህ ሴንሰሩን ይንቁታል፣ ግን ደግሞ ይፈልጉታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

በማለዳ ሄኖክ የሚባል ቴክኒሻን መጥቶ ነበር። ቡና መጋዘኖች ውስጥ የእርጥበት መለኪያ የሚተክል፣ ጢሙን ያሳመረ፣ ትሕትናው ከዋጋው ጋር አብሮ የተሰላ የሚመስል ጎልማሳ ነው። አንዷን ነጭ ነገር የኋላው በር መቃን ላይ ለጠፈ፣ አንዷን ጣራው ጥግ፣ ሦስተኛዋን በክር አድርጎ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለላቸው። «ከወደቁ ይቺ ራሷ ታውቃለች። ወድቀው ሳይነሡ ከቆዩ ትናገራለች» አላቸው። ወይዘሮ ገላነሽ ያቺን ፕላስቲክ ከማተባቸው አጠገብ ተንጠልጥላ ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «አንዱ ነፍሴን ይጠብቃል፣ አንዷ ጉልበቴን ትጠብቃለች። እንግዲህ የጎደለኝ ሰው ብቻ ነው» አሉት። ሄኖክ ደንበኛ ሲቀልድ እንደሚሳቀው አድርጎ ሳቀ።

ችግሩ የነዚህ ነገሮች ወሬ ከቤት አልወጣ ማለቱ ነበር። ኢንተርኔቱና ወሬውን ተቀብሎ ወደ ስልክ የሚልከው ዋናው ሣጥን ያሉት ጽጌሬዳ ቤት ነው፤ በመሀል ድንጋይ ቤትና አጥር አለ። ሄኖክ ጎንበስ ብሎ አስረዳቸው። እነዚህ በባትሪ የሚሠሩት ጉልበት ስለሌላቸው ድምፃቸው ሩቅ አይሄድም፤ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ይውሉና የራሳቸውን ብቻ ተናግረው መልሰው ይተኛሉ። የሌላውን ወሬ ተቀብሎ ለሚቀጥለው የሚያቀብለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሌት ተቀን የሚነቃው ነው። ወይዘሮ ገላነሽ በቴሌ ኦፕሬተርነት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት፤ ጅጅጋ ያለ ሰው አዲስ አበባን ሲፈልግ ሐረር ለድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ ደግሞ ለሚቀጥለው እያቀበለ እንዴት እንደሚደርስ ያውቃሉ። «መሀል ላይ አቀባይ ያስፈልጋል ነው የምትለኝ?» አሉት። «አዎ እናቴ፣ መሀል ያለው ቤት ውስጥ አንዲት ሶኬት ከተገኘች አለቀ» አለ ሄኖክ። ወይዘሮ ገላነሽ ያን ጊዜ ነው የሳቁት። መሀል ያለው የግርማ ቤት ነው።

ባላቸው ካረፉ በኋላ ልጆቹ ግቢውን እንደ ዳቦ ቆርሰው ተካፍለውታል። ወደ አስፋልቱ ያለው ለጽጌሬዳ፣ መሀሉ ለግርማ፣ ታች ያለው አሮጌው ቤት እናትየው በሕይወት እስካሉ ለእናትየው። አጥሩ የት ይቁም በሚለው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ መሬት፣ እህትና ወንድም ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ ከዚያ ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም። ጽጌሬዳ እናቷ ጋ ለመድረስ ወይ የግርማን ግቢ ማቋረጥ፣ ወይ ዞራ በጀርባ ባለው መተላለፊያ መግባት አለባት። የመጀመሪያውን ኩራቷ አይፈቅድላትም፣ ሁለተኛውን ጫማዋ። ስለዚህ ምሳ በሠራተኛ ትልካለች። ግርማ ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ እናቱ ሲያስሉ ይሰማል፤ እራት በሰሐን አድርጎ በአጥሩ ላይ ያቀብላቸዋል እንጂ ገብቶ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ የእህቱን ድርሻ የሸፈነላት ይመስለዋል። ሰው «ታድለሽ፣ ሦስት ልጅ» ሲላቸው ወይዘሮ ገላነሽ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ።

በራቸውን በየቀኑ የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ልጃቸው አይደለችም። በጀርባ መተላለፊያው ላይ የምትኖረው ሳፊያ ጊድር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ጠዋት ስትሄድና ማታ ስትመለስ የኋላውን በር በቁልፏ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፤ «እትዬ ገላነሽ፣ አሉ?» ትላለች፣ «አለሁ» ይላሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፋለች። በዚያ ቅዳሜም እንደዚያው አድርጋ ሄዳለች። ሄኖክ ይህንን ሰምቶ የሳፊያም ስልክ ከሴንሰሩ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አልጠየቀም።

ሽማግሌዎቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። አንዱ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ለሶኬቱ ክብር ክራባት አስረዋል። ሌላው ቡና ነጋዴው ሐጂ አሕመድ ናቸው፤ ግርማ ቤት ሲያሻሽጥ ስለሚያውቁት እሳቸውን ያፍራል ተብሎ ነው የተጠሩት። ወይዘሮ ገላነሽ ነገሩ የእሳቸው ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ይመጣሉ ብለው ንጹሕ ሻሽ አስረው፣ አግዳሚውን ወልውለው፣ ጉልበታቸውን እያባበሉ ቤቱን ጠርገው ጠበቁ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እንደምን ዋሉ እመቤት!» አሉና ወደ ግርማ በረንዳ ተመለሱ። ምሳም አልመጣም፤ የጽጌሬዳ ሠራተኛ ለሽማግሌዎቹ ዶሮ ትሠራ ነበር። ወይዘሮ ገላነሽ የትናንት ዳቦ በሻይ እያራሱ በልተው፣ ወንበራቸውን ከአጥሩ ሥር አስጠግተው ማዳመጥ ጀመሩ። ድሮም ሥራቸው ይኸው ነበር።

ሽማግሌ ደግሞ ዘሎ ጉዳይ ውስጥ አይገባም። የቡና ዋጋ ወጣ፣ የጫት መንገድ ተዘጋ ተከፈተ፣ ስኳር ከየት ጠፋ፣ ሐኪም ጋራ ላይ ያ ሁሉ ቤት በማን ፈቃድ ተሠራ፤ ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ነው ሶኬት የሚለው ቃል የተነሣው። ግርማ የቤት ደላላ ነው፤ በሰው ይዞታ ላይ እግር የሚተከለው በትንሽ ነገር እንደሆነ ከሥራው ያውቃል። «እኔ እናቴን ጠልቼ አይደለም» አለ። «ዛሬ ሶኬት ትሰካለች። ነገ የእኔ ዕቃ እዚያ ቤት አለ ትላለች። ከነገ ወዲያ ዳኛ ፊት ቆማ ግቢው የጋራ ነው ነው የምትለው። እኔ ጽጌሬዳን አላውቃትም?»

«ወላሂ ግርማ፣ ይቺ የምትሰካው ዕቃ የሕፃን መዳፍ አታህልም! በዚህች መሬት ይወሰዳል እንዴ?» አሉ ሐጂ አሕመድ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ቀና ሰው ስለሆኑ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው በዋናው በር ወጥተው ጽጌሬዳ ቤት ገቡ። ጽጌሬዳ፣ መሬቱን አልፈልግም፣ ግን በእኔ በተናደደ ቁጥር ይነቅለዋል፣ እንዳይነቅል ይማል አለች። ወደ ግርማ ተመለሱ። ግርማ፣ እምላለሁ፣ ግን የእናቴ ወሬ በእኔ ቤት አልፎ እሷ ስልክ ላይ ብቻ የሚገባው ለምንድን ነው፣ እናት የእሷ ብቻ ናት እንዴ፣ የእኔም ስልክ ላይ ይግባ አለ። ወደ ጽጌሬዳ ሄዱ። ይግባ፣ ግን መጀመሪያ ለእኔ አለች። ወደ ግርማ መጡ። በምን ሕግ አለ። የሐጂ አሕመድ ትንፋሽ ቁና ቁና ሲል በአጥሩ በዚህ በኩል ይሰማል። «ሶኬቱስ ቀረ፣ እናንተ ሁለታችሁ ተሰክታችሁ ዋላችሁ» ብለው ወይዘሮ ገላነሽ ለራሳቸው አጉረመረሙ። ድሮም ኦፕሬተር እያሉ እንዲህ ያለ ነበር፤ የተኳረፈ ወንድማማች ቀጥታ መስመር እየተሰጠው እንኳ «እመቤቴ፣ አንቺው ንገሪልኝ» ይላቸው ነበር። ያስገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ምልልስ፣ እማዬ ጉልበቷ እንዴት ነው ያለ ሰው የለም፤ ምሳ በልታለች ወይ ያለም የለም። እልህና ሆድ መባስ አንድ ላይ መጣባቸው፤ ግን ሶኬቱ ካልተሰካ አራተኛ ፎቅ ነው።

መጨረሻ ላይ የገላገላቸው ሄኖክ ነው። ወሬው ለሦስቱም ስልክ እኩል እንደሚደርስ፣ ማንም ማንን እንደማይቀድም ሲነግራቸው፣ ከላይም ከመሀልም ቤት ትልቅ እፎይታ ተሰማ። ሶኬቱ ላይ መሰካት የይዞታ ጥያቄ እንደማያስነሣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆኑ። የእህቱ ወገን የሆነ ሰው እግሩን ቤቱ እንዳያስገባ ግርማ ራሱ ሊሰካው ተስማማ፤ ሄኖክ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እሱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው» እያለ አሳየው። ሐጂ አሕመድ ዱዓ አደረጉ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ «እህትና ወንድም ተጣልቶ አይቀርም» ብለው መረቁ። ታረቁ ማለት ግን አይደለም። ጽጌሬዳ በራሷ በረንዳ፣ ግርማ በራሱ በረንዳ ነው አሜን ያሉት።

ከዚያ ሄኖክ ጽጌሬዳ ቤት ካለው ሣጥን አጠገብ ሆኖ ለወይዘሮ ገላነሽ ስልክ ደወለ። «እናቴ፣ አሁን እንሞክረው። ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ጋደም ይበሉ። ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ፣ እኛ እንነግርዎታለን።» ወይዘሮ ገላነሽ ወለሉን አዩት። ከሰኔ ወዲህ ወለል ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ማን ያነሣኛል ሊሉ ፈልገው ነበር፣ ግን ይህን ያህል ሰው በዙሪያዬ ተሰብስቦ እንዴት ይጠየቃል ብለው ተዉት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ አልጋውን ይዘው፣ ወንበሩን ይዘው፣ በመጨረሻ ምንም ሳይዙ ሲሚንቶው ላይ ወረዱ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ጀርባቸውን ቅዝቃዜው ዘለቀው። ጣራው ጥግ ያለችው ነጭ ነገር ታያቸዋለች፣ እሳቸውም ያዩዋታል።

ብዙም አልቆየ፣ ከላይኛው ቤት ጡሩንባ የመሰለ ድምፅ ጮኸ። ወዲያው ከግርማ ቤት ያው ድምፅ ደገመው። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። «ሠራ! ሠራ!» ትላለች ጽጌሬዳ። «እኔም ጋ ገብቷል! ይኸው፣ ወድቃለች ይላል!» ይላል ግርማ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ደስታ ሎተሪ የደረሰው ሰው ደስታ ነው። ለማን እንደሚናገር እንጃ፣ ምናልባት ለእህቱ ይሆናል፤ ከስንት ዘመን በኋላ አጥር ተሻግረው አንድ ቃል ተመላለሱ፣ ቃሉም እናታችን ወድቃለች የሚል ነው። ወይዘሮ ገላነሽ ወለሉ ላይ እንደተጋደሙ ጠበቁ። ማን ቀድሞ ይመጣ ይሆን አሉ። ግርማ ቅርብ ነው። ጽጌሬዳ ደግሞ ዛሬ ታርቃለች ማለት ይቻላል፣ በግቢው ታቋርጥ ይሆናል። ለመጮህ ኩራታቸው እምቢ አለ፤ ጠርተውት የሚመጣ ልጅ ቢኖርማ ሴንሰርም ባላስፈለገ።

ሞተር ብስክሌት ተነሣ፣ ሄኖክ ሄደ። ባጃጅ ተጠራ፣ ሐጂ አሕመድና አቶ ወልደ ጊዮርጊስ እየተመራረቁ ተሳፈሩ። ያ ጡሩንባ በሁለቱ ቤት እንደገና ጮኸ። ወይዘሮ ገላነሽ ቀና አሉ። የግርማ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ፤ በስልክ ነው፣ ከኒቆዲሞስ ጋር። «አዎ ጮኸ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው። ሙከራው ነዋ! ልጁ ሳይዘጋው ሄዶ ነው። አንተ ከዚያ ዝጋው።» የጡሩንባው ድምፅ ወዲያው ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው የከፋቸው። ኩራቱን ትተው «ግርማ!» ብለው ተጣሩ፤ ድምፃቸው ግን ከደረታቸው እምብዛም አልራቀም። ግርማ ወደ ቤት ገብቶ የእንግሊዝ ኳስ ከፍቷል፣ የስታዲየሙ ጩኸት ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። በክርናቸው ወደ አልጋው ተሳቡ፣ መሀል ላይ አቃታቸው። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጠራ፤ ጠርቶ ጠርቶ ተወ። ሴንሰሯ ደረታቸው ላይ ተኝታለች፤ እሷ የራሷን ተናግራ ጨርሳለች። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ሲወርድ ጠረጉት። እኔን የሚያሳፍረኝ ምን አለ፣ ይፈሩ እንጂ እነሱ አሉ።

ፀሐይ ወደ ሐኪም ጋራ ዘንበል ስትል የኋላው በር ቀጭ ቀጭ አለ። «እትዬ ገላነሽ፣ አሉ?»

«አለሁ። ግን ወለል ላይ ነኝ።»

ሳፊያ እጇን በክፍተቱ አሾልካ መቀርቀሪያውን አነሣችና በርበሬና ኮረሪማ እየሸተተች ገባች። «ያ ረቢ! ምን ሆኑ? ከመቼ ጀምሮ ነው? ልጆቹ የት ሄዱ አቦ?»

«የትም አልሄዱም። አሉ።»

ብብታቸው ሥር ገብታ፣ ቢስሚላህ ብላ አነሣቻቸውና አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው። ነጠላቸው አቧራ ሆኗል፣ ጉልበታቸው አብጧል። ሳፊያ ብርቱ ንዴት ይዟት ወደ አጥሩ ልትሄድ ስትል ስልኩ እንደገና ጠራ። አንሥታ አቀበለቻቸው። ኒቆዲሞስ ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይጮኻል።

«እማዬ! ቅድም ብደውል አላነሣሽም፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነሽ ብዬ ተውኩት። አሁን በሩ ሲከፈት አየሁት እኮ! ይኸው ተነሥተሽ ስትንቀሳቀሺም ይታየኛል። ይህን የመሰለ ነገር! ለሦስታችንም እኩል ነው የገባው። በቃ፣ ከእንግዲህ ከሐረር የሚያነሣሽ የለም፤ ሐሳብ አይግባሽ። ግን አንቺው ንገሪኝ፣ ሠርቷል አይደል?»

ሳፊያ «ይንገሩት!» አለች፣ ስልኩ ውስጥ እንዲገባ ጮክ ብላ። ወይዘሮ ገላነሽ እጃቸውን ክንዷ ላይ ጣል አድርገው ዝም አሰኟት። ቢነግሩት ነገ መኪና ይዞ ይመጣል፤ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ነው ያንተ ነው ተባብለው ሌላ ሽማግሌ ይቀመጣል። በተከፈተው በር ሐኪም ጋራ ይታያል፣ መተላለፊያው ላይ የሳፊያ ዘንቢል እንደወደቀ ነው። በግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ጎል አግብቶ ግርማ ይጨፍራል።

«ሠርቷል ልጄ» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «ሁሉም ሰምተዋል።»